ውሃው አልፈላም ያለችው ሠራተኛ

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከበቆጂ ወደ አሰላ በምትወርድ አንዲት አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ፣ አቶ ሀብተ ማርያም የሚባሉ ሰው መቀመጫው እሾህ የሆነባቸው ይመስል ይቁነጠነጡ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ዋና ድሬሰር፣ ማለትም መርፌ ወጊና ቁስል ጠራጊ፣ ናቸው። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ደብዳቤ ይዘዋል፤ ሰኪና የምትባል ረዳታቸው ከሥራ እንድትሰናበት የሚጠይቅ። ጥፋቷ «አለቃን በሕዝብ ፊት መዳፈር» ተብሎ ተጽፏል።

የሆነው ግን እንዲህ ነው። የክሊኒኩ የላምባ ምድጃ ከተበላሸ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አቶ ሀብተ ማርያም አዲስ ምድጃ መጠየቁን እንደ ውርደት ስለቆጠሩት፣ መርፌው ከሰል ላይ በተጣደ ለብ ያለ ውሃ እየታጠበ ሥራው ቀጠለ። ባለፈው የገበያ ቀን፣ በሽተኛው በረንዳውን ሞልቶት ሳለ፣ ሰኪና «ጋሼ፣ ውሃው አልፈላም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢሆንም የሰማ ሰማ።

አውቶቡሷ ሳጉሬን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ጭቃ ያዛት። ተሳፋሪው ወርዶ ሲጠባበቅ፣ ተሻለች የምትባል፣ አሰላ የምትሠራ ወጣት ነርስ ለአቶ ሀብተ ማርያም እጅ ነሳች።

«ሰዓትዎን ደጋግመው ያያሉ፤ የሚያስቸኩል ጉዳይ አለዎት መሰለኝ» አለቻቸው።

«አዎን፣ ሲስተር። ቢሮ ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ። አንዲት አፈኛ ሠራተኛ ላሰናብት ነው» ብለው ነገሩን ከሥሩ አጫወቷት።

ተሻለች እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና «ለመሆኑ ውሃው ፈልቶ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ጉዳዩ እሱ አይደለም!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለበሽተኛው ግን ጉዳዩ እሱ ብቻ ነው።»

አቶ ሀብተ ማርያም ተቆጡ። «ስሚኝ ልጄ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። አለቃ ያዛል፣ ሠራተኛ ይታዘዛል። ዛሬ ሰኪና ካረመችኝ ነገ ዘበኛው ቱሳ መድኃኒት ሊያዝልኝ ነው። ሕዝቡስ ድሬሰሩ ይሳሳታል ካለ ወደ ጠንቋዩ ይመለስ የለም ወይ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለዋል አባቶቻችን።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉትም እነሱው ናቸው» አለች ተሻለች።

ክርክሩ እንዲህ ሲጋጋል ከወደ ኋላቸው «አካም ጅርቱ፣ ሀኪሜ!» የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ተሰማ። ዲሪባ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ አውቶቡሷ ውስጥ ቆመው የመጡ።

«ቦታ እኮ ተለቆልኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ፤ «መቀመጥ አቃተኝ እንጂ። ያ መርፌ የወጉኝ ቦታ አብጦ መግል ቋጥሯል። አሰላ ሊበጡልኝ ነው።»

አቶ ሀብተ ማርያም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ታዲያ ምነው ወደ እኔ ሳይመለሱ ቀሩ?»

«ምን ብዬ? ለሀኪም እንዲህ ይባላል እንዴ? ጥፋቱ የሥጋዬ ነው፤ የእርስዎማ መድኃኒት መልካም ነው። አላህ ዕድሜ ይስጥዎ።»

ምርቃቱ ከስድብ የበለጠ አሳመማቸው። ያካፋ የነበረውን ዝናብ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ በመንገዱ ዳር ወዲህና ወዲያ ይሉ ጀመር። ቱሳ ከሰሉን ሲያራግብ ቀና ብሎ አይቷቸው ዓይኑን ይሰብር እንደነበር፣ መዝጋቢው ከዲሮም እሳቸው መርፌ ሲወጉ ብዕሩን አስቀምጦ ይተክዝ እንደነበር አሁን ትዝ አላቸው። ለካስ ሁሉም ያውቁ ኖሯል! የተናገረችው ግን አንዲቷ ብቻ ናት፤ እሷኑ ሊያባርሩ ነው እንግዲህ ጭቃ ለጭቃ የሚንከራተቱት።

ተሻለች ተከትላቸው መጣች። «እኔም ዝም ብዬ አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ተማሪ ሳለሁ አንድ አለቃችን ደክሟቸው የአንዲት ወላድ መድኃኒት ከማይሆን ጠርሙስ ሲቀዱ አየሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ቆጣ ሲሉ መልሼ ዘጋሁት። ሴትዮዋ አልነጋላትም። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያስፈሩ ሰው ነበሩ እንጂ።»

አቶ ሀብተ ማርያም ወዲህና ወዲያ ማለታቸውን ገቱ። «እሺ፣ ሰኪና ትናገር። ግን ሰው ፊት ለምን?»

«ሰው የሌለበት ቦታ ሰጥተዋት ያውቃሉ?»

አቶ ሀብተ ማርያም ደብዳቤው ያለበትን ኪስ ዳሰሱ።

«በሳምንት አንድ ቀን በርዎን ዘግተው ይስሟቸው» አለች። «የነገረዎትን አይቅጡት፣ በነገር አይውጉት፣ ስሙንም ለሌላ አያውጡ። እርስዎን ፈርተው ወደ በላይ ቢጽፉም አይቀየሙ። መርፌው እጅ ላይ ሳለ ግን ቀን አይጠበቅም፤ ‹ቆም ይበሉ› ያለ ሁሉ እዚያው ይሰማ።»

«ክብሬስ?»

«አባ ዲሪባ ‹ጥፋቱ የሥጋዬ ነው› ሲሉዎት ክብር ተሰማዎት?»

አውቶቡሷ ተገፍታ ከጭቃው ወጣች። አሰላ ሲደርሱ አቶ ሀብተ ማርያም መጀመሪያ ሽማግሌውን ወደ ሐኪም ቤት ሸኙና «ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሥጋዎ አይደለም» አሏቸው። ከዚያ ወደ ጤና መሥሪያ ቤቱ ገቡ። ሹሙ ጉዳያቸውን ሲጠይቋቸው ደብዳቤውን ከኪሳቸው አላወጡም። «ምድጃችን ተበላሽቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልናገር ቆየሁ፤ የተጎዳም ሰው አለ» አሉ።

ተመልሰው ሠራተኞቹን ሰብስበው ይህንኑና ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተው ሊሰሟቸው መወሰናቸውን ሲነግሯቸው፣ ሰኪና «ጋሼ፣ እየፈተኑን ነው?» አለች። ፍርሃት በአንድ ቀን አይነቀልምና አልተቀየሟትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልተነፈሰም። በሁለተኛውም ከዲሮ ጣራ ጣራውን ሲያይ ዋለ። በሦስተኛው ቱሳ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የመድኃኒቱን ቁምሳጥን ቁልፍ ይዘው ቤትዎ ይገባሉ፣ ጌታዬ። እሑድ ደም የሚፈሳት ወላድ ስትመጣ እርስዎ ለክርስትና ጢቾ ሄደው ነበር። አላህ አተረፋት እንጂ…»

የአቶ ሀብተ ማርያም ፊት ደም ለበሰ። ያ የለመዱት ቁጣ እስከ ምላሳቸው ጫፍ መጣ። ሰኪናን ሲያዩዋት ግን ቁጣውን ለመቀበል አንገቷን ደፍታ ነበር። ቁልፉን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሌላ እስኪቀረጽ ይህ ከሰኪና ጋር ይደር። ቱሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ከዚያ በኋላ አፎች ተፈቱ። ዓመት ሳይሞላ በመርፌ ምክንያት የሚያብጥ ሰው ጠፋ፤ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ተገኘ፤ ሠራተኛውም አለቃውን ከመሸሽ ይልቅ ሥራውን ይወድ ጀመር። ጠንቋዩ ዘንድ ይመለሳል የተባለው ሕዝብ ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ወደ ክሊኒኳ ይጎርፍ ነበር። ስህተቱን የሚሰማ ቤት ይታመናልና።

አቶ ሀብተ ማርያም ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጨነቃቸው አልቀረም። ስለዚህም ለተሻለች ሲጽፉላት እንዲህ አሉ፦ «ሲስተር፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ መስማቱ እንዲህ ካስጨነቀኝ፣ እነሱ ፊቴ ቆመው መናገሩ ምን ያህል አስጨንቋቸው ኖሯል?»