ስህተት የሚመልሰው ቁልፍ

እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ፣ ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ከዓመታት በፊት በቀይ ሽብር ጊዜ የገዛ ወንድሙን አሳልፎ የሰጠው ሰውዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት አገኘ።

«የየት ሰፈር ካርታ ነው?»

«ካርታ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የራዲዮ ሰርኪት፣ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ሥዕል ነው። መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ በሁለት ፕሮግራም ሣልኩት፤ የትኛው እንደሚቀል እያወዳደርኩ ነው።»

«የቱ ቀለለህ?»

ወረቀቶቹን ተራ በተራ በጣቴ አሳየሁት። «ያኛው አንድ መስመር ከተበላሸ ከሀ ያስጀምራል። ይኼኛው ግን አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ስህተቱን ይመልሰዋል።»

«እንዳልተደረገ አድርጎ?»

«አዎ፣ እንዳልተደረገ።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ መስመሮቹን በጣቱ ተከተለ። አብረውት የገቡት ታጣቂዎች ሳጥኔን መበርበር ትተው አዩት።

«ስህተት መመለስ ለብረት ተሰጠው» አለ ቀስ ብሎ። ወረቀቱን አስቀምጦ ታጣቂዎቹን ይዞ ወጣ።

የዚያን ቀን ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ሳይፈተሽ ቀረ።