ያን ቀን ያነሳሁት ዘንግ

በእኛ ጊዜ ዘንግ ይመረጣል እንዴ? አንዲት ሸንበቆ ቆርጠህ፣ ክር አስረህ ወደ ወንዝ ነው፤ ትንሹም ትልቁም ዓሣ በእሷው ይወጣል። እኛ የምናየው ቅርፊት አለው ወይስ የለውም ብቻ ነበር፣ ቅርፊት የሌለው በኦሪት አይበላምና አምባዛውን መልሰህ ውኃ ውስጥ ነው። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን መጥቼ ነው ዘንግም ጠባይ እንዳለው የተማርኩት። ስሙኝማ። ጫፉ ብቻ የሚጎብጥ አለ፣ ደረቅ ነው፣ ድንጋይ ሥር ለሚኖረው፣ ሎኩስ ለሚሉት ዓሣ ነው። ሎኩስ ጎትቶ ጉድጓዱ ከገባ አከተመ፣ ቶሎ ቀጥ የሚያደርገው ይፈልጋል። ቡሪ የሚሉት ዓሣ ደግሞ ከንፈሩ ስስ ነው፣ በደረቁ ከጎተትከው ይቀደዳል፤ እሱን የሚያባብለው እስከ እጀታው የሚታጠፈው ለስላሳው ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያ ጉድ የመጣብኝ።

ለልጄ ለሚሪ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ አቪ ይባላል፣ ከዚሁ ከአጋሚም ሰፈር ነው፣ ዘሩም ተቆጥሮ ከእኛ ጋር እስከ ሰባት ቤት አይገናኝም። ግን አንድ ነገር አላማረኝም፤ ምን ብለው "እሺ አባባ" ነው። ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው እሺ፣ አይመጣም ብለው እሺ። እና ሽማግሌዎቹን "ሳምንት ስጡኝ" አልኩና ልጁን ይዤ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ሚሪ በር ላይ ቆማ፣ "አባ፣ እንዳታስፈራራው" አለችኝ።

ድንጋዮቹ ላይ ወጣን። ማዕበሉ ከፍ ብሏል። ሎኩስ ነው የምንፈልገው፣ እኔ ግን ልቤ ልጁ ላይ ነበርና ለስላሳውን አነሳሁ። አቪ አየኝ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም አባባ።"

ብዙም ሳይቆይ ሎኩስ ያዘ! ዘንጉ እስከ እጄ ድረስ ታጠፈ፣ ዓሣው ቁልቁል ወደ ድንጋዩ ሥር ገባ። እኔም እልህ ያዘኝና ክሩን ላላቅቅ ወደ ጠርዙ ወረድኩ፣ እና እግሬን ድንጋዩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር አዳለጠው፣ ውኃው እስከ ወገቤ መታኝ። አቪ ከኋላ ቀበቶዬን ያዘ።

"አባባ ይልቀቁት! ዜ መሱካን፣ አደጋ ነው!"

"አልለቅም!"

ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ታየኝ፣ ትልቅ ነው። ልጁ ምን አደረገ? በአንድ እጁ እኔን ይዞ፣ በሌላው ቢላዋ አውጥቶ ክሬን ቆረጠው። ከዚያ ወደ ላይ ጎትቶ ውኃ የማይደርስበት ድንጋይ ላይ ጣለኝ። ማዕበሉ የቆምንበትን አጥቦት ሄደ።

እንደተነሳሁ ጮህኩበት። "ማን ቁረጥ አለህ?"

እሱም ቢላዋውን ኪሱ እየከተተ መለሰ። "ማንም አላለኝም። ዘንጉም ሲጀመር ልክ አልነበረም። ደረቁን ነበር ማንሳት የነበረብዎት።"

"አውቀህ ነው ዝም ያልከው?"

"ፈርቼ ነው አባባ። እርስዎን ላርም ብል ሚሪን ይከለክሉኛል ብዬ።"

አያችሁ? አንድ ቃል መናገር ፈርቶ እኔን ለባሕር ሊያስበላ ነበር። ደሜ ፈላ፣ ግን የማን ጥፋት ነው? ያስፈራራሁት እኔ ነኝ። ተቀምጬ ከጫማዬ ውኃውን አፈሰስኩ፣ እሱም ቆሞ ፍርዴን ይጠብቃል። በመጨረሻ፣ "ስማ አቪ፣ ዳግመኛ ፈርተኸኝ ዝም ብትል ነው ልጄን የምከለክልህ" አልኩት።

እ? ሚሪስ አላችሁኝ? አሁንማ ተጋብተው ይኸው ሦስተኛ ዓመታቸው። ባለፈው ዓርብ ዘንግ ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣ "እሱን አይደለም አባባ" አለኝ። ልክ እኔ ነበርኩ፣ እውነቴን ነው፣ እሱ ነው የተሳሳተው። ግን ምን ልበል፣ እሺ ብዬ ቀየርኩት፤ አሁን የምፈራው እኔ ሆንኩ፣ ሃሃሃ!