የሻምበል ዘገየ ማሽን

(አዳማ ዳርቻ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ፣ ከምሳ በኋላ፤ የጥበቃ ኃላፊው ሻምበል ዘገየ የኔትወርክ ባለሙያውን የናሁሰናይን ክፍል ከውስጥ ቆልፎ፣ ሒሳብ ክፍል የምትሠራው ሚስቱ እቴነሽ በቢሮው ኢንተርኔት ምን ስታይ እንደሰነበተች እንዲያሳየው አፍጥጦበታል።)

ሻምበል፦ ደግሜ አልጠይቅህም። የከፈተችውን ሁሉ አውጣልኝ።

ናሁሰናይ፦ የሠራተኛን ገበና ለሌላ ሰው አላሳይም፣ ሻምበል። በሩን ይክፈቱልኝ።

ሻምበል፦ ሌላ ሰው? ባሏ ነኝ እኮ።

ናሁሰናይ፦ እቤት ባሏ ነዎት። እዚህ እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ እርስዎ ጥበቃ።

ሻምበል፦ ስልኳን በየማታው አየዋለሁ፤ ምንም የለበትም። ይኼ ንጽሕናው ነው ያስጠረጠረኝ። በቢሮው ኮምፒውተር ከወንድ ጋር ትጻጻፋለች።

ናሁሰናይ፦ ስልኳ በየማታው የሚበረበር ሴት ቢሮ ገብታ ትንሽ ብትተነፍስ ምን ይገርማል?

ሻምበል፦ ታውቃለህ ማለት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ የቀደድክላት አንተ ነህ። ያየችውን እንዴት እንደምታጠፋ አስተምረሃታል።

ናሁሰናይ፦ ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ።

ሻምበል፦ እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ።

ናሁሰናይ፦ ምን ሊያደርጉ ነው?

ሻምበል፦ አድርግ አልኩህ። በሽጉጥ እጀታ ሲመታ እንዴት እንደሚያም ልታየው ነው።

ናሁሰናይ፦ ኧ... ኧረ ጣቴ። ሰበሩት።

ሻምበል፦ ገና ብዙ ጣት ቀርቶሃል። ጥራና ማን እንደሚሰማህ አያለሁ፤ በር ላይ ያሉት የኔ ልጆች ናቸው።

ናሁሰናይ፦ የእሷንም ክንድ እንዲህ ነው የሰበሩት? እኛን በር መታኝ ነው ያለችን። የሒሳብ ክፍል ሴቶች ሥራዋን በየተራ ሲጽፉላት ከረሙ።

ሻምበል፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እሷ ብታጠፋውም ሁሉም በዋናው ሰርቨር ያልፋል፣ እዚያ ይቀራል። ይህን የማላውቅ መሰለህ?

ናሁሰናይ፦ እውነት ነው፣ ይቀራል።

ሻምበል፦ ክፈተው እንግዲያ።

ናሁሰናይ፦ የእሷን መዝገብ ዛሬ ጠዋት ደምስሼዋለሁ። ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ።

ሻምበል፦ ግንባርህ ላይ የደገንኩት መጫወቻ ይመስልሃል? እቴነሽ ወዴት ልትሸሽ ነው መንገድ ስትፈልግ የነበረው?

ናሁሰናይ፦ እነግርሃለሁ። አፈሙዙን ራቅ አድርግልኝ።

ሻምበል፦ አንተ አልከኝ?

ናሁሰናይ፦ ጣቴን ለሰበረኝ ሰው እርስዎ ማለት አልሆነልኝም። ስማኝ። በቀደም ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ሰርቨሩን ስፈትሽ የጥበቃ ቢሮው ማሽን ላይ ደረስኩ። ያንተው ላይ።

ሻምበል፦ የኔን ማን እይ አለህ?

ናሁሰናይ፦ ማንም። የሰው ገበና አላይም ባይ ነበርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሚስትህን ስትፈልግ የራስህ በዚያው እንደሚያልፍ ረሳኸው። "ሰው ተገፍቶ ከደረጃ ቢወድቅ ሐኪም መገፋቱን ይለያል ወይ?" ብለህ ኢንተርኔቱን ደጋግመህ ጠይቀሃል።

ሻምበል፦ ለሥራ ነው። ለአደጋ መከላከል ሥልጠና።

ናሁሰናይ፦ "እርጉዝ ብትሆንስ?" ያልከውም ለሥልጠና ነው?

ሻምበል፦ እርጉዝ መሆኗን ማን ነገረህ?

ናሁሰናይ፦ እርግዝናዋን እኮ ለማናችንም አልነገረችም።

ሻምበል፦ የት ናት? ሒሳብ ክፍል ናት?

ናሁሰናይ፦ ጥያቄዎችህን አትሜ ጠዋት ሰጠኋት። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ ሁለቴ አነበበችው፣ ከዚያ ነጠላዋን በደህናው እጇ ሰብስባ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ሻምበል፦ እገድልሃለሁ።

ናሁሰናይ፦ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ምድር ቤት ነን፤ እኔን ከደረጃ ወደቀ ብለህ አታመልጥም።

ሻምበል፦ ማነው የሚያንኳኳው? ልጆቹን ማንንም አታስገቡ ብያቸው ነበር።

ናሁሰናይ፦ እቴነሽ ፖሊሶቹን ይዛ መጥታለች። ሽጉጡን መሬት አስቀምጥና ክፈትላቸው።