ማታ ማታ ስለሚነቀለው የፎቶ ቤቱ ሶኬት የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪው መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ፈገግ በሉ» በመባል የሚታወቁት ፎቶ አንሺ
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ የፎቶ ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፤ ምድር ቤቱ ፎቶ ቤት፣ ፎቁ መኖሪያ
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ታላቅ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

እኔ ከዚህ በላይ መጠሪያዬና አድራሻዬ የሰፈረው ቃል ሰጪ፣ ትናንት ሐሙስ ጠዋት በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ በታናሽ ወንድሜ ላይ አመልክቼ ነበር። ያኔ ያልኩት «የሥራ ኮምፒውተሬን ሆን ብሎ፣ በቂም ተነሳስቶ አበላሽቶብኛል» ነው። ዛሬ የመጣሁት ያ ቃል ልክ እንዳልነበረ ለመናገር ነው። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ወንድሜ እስካሁን እዚሁ ታስሮ ስለሚገኝ እንዲፈታልኝ፣ ሰኞ የሚጀምረው አዲስ ሥራም በእኔ የተነሳ እንዳይቀርበት እለምናለሁ። መርማሪው ነገሩን ከመጀመሪያው እንድናገር ስላዘዙኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ወንድሜ ሠላሳ ዓመቱ ነው። እናታችን ስታርፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለውለታ አይደለም። ትናንት ግን ለውለታ ብዬዋለሁ፣ መዝገቡ ላይ አለ። ፊልም በምናጥብበት ዘመን ጨለማው ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ቆሞ እርጥብ ፎቶ በመቆንጠጫ ይሰቅልልኝ ነበር። ፊልም ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ተማሪው እኔ፣ አስተማሪው እሱ ሆነ። እኔማ ሰው አስቀምጦ «ፈገግ በሉ» ከማለት አልፌ ከማሽኑ ጋር በቅጡ አልተዋወቅኩም። የሰፈሩ ሰው በዚህ ስም የሚጠራኝ ፈገግ ስለምል አይደለም፤ እኔ ራሴ ፈገግ ብዬ ስለማላውቅ ነው። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ነግረውኛል፤ ተቀብያለሁ።

አንድ ልማድ አለኝ። ከፎቶ ቤቴ አጠገብ የነበረው የልብስ ሰፊ ሱቅ አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ እሳት ተቃጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ስዘጋ የፎቶ ቤቱን ሶኬቶች አንድ ባንድ እነቅላለሁ፤ የመብራቶቹን፣ የማተሚያውን፣ የኮምፒውተሩን፣ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር። ነቅዬ ስጨርስ ተመልሼ በእጄ እየዳሰስኩ አረጋግጣለሁ። ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ጋጋሪ ግድግዳውንም ነቅለህ ይዘኸው ብትገባ ይሻልሃል እያለ ይቀልድብኛል። ወንድሜም ይህ ልማዴ ለኮምፒውተሩ እንደማይስማማው ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፌዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ስላልነበረ ወንድሜ ኮምፒውተሩን ሊያስተካክል ተቀመጠ። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነበር። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ዲስኩ አዲስ ዓይነት ሆኖ ሳለ ማሽኑ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያሠራው በድሮው ዘዴ ነበር። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አዲሱ ዘዴ ቢዞር ፎቶዎቹ ቶሎ ቶሎ ይከፈታሉ። የሚቀየረው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ባዮስ በሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው። ነገር ግን ሳይዘጋጁ ከቀየሩት ዊንዶውስ የገዛ ዲስኩ ይጠፋበትና ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ይቆማል። ብዙ ሰው ያኔ ይደነግጥና ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል አለኝ።

ይህን ስሰማ ተውው፣ አትንካው አልኩት። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ የሠርግ ፎቶዎች ገና ሳይታተሙ እዚያው ውስጥ ነበሩ፤ ከካሜራው ካርድ ላይ ደግሞ አጥፍቻቸዋለሁ። ወንድሜ ግን ዊንዶውሱ እንዳለ ሆኖ ዘዴውን ብቻ መቀየር እንደሚቻል ነገረኝ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ቀጥሎ ሲነሳ ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ እንዲነሳ አዘዘው። ከዚያ አጥፍቶ አስነሳው፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ያችን አንድ መስመር ቀየራት። ማሽኑ ጽሑፉ ሁሉ ገዝፎ፣ መልኩ ጠፍቶ ተነሳ፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ ነበር። እሱ ግን «አየኸው ጋሼ፣ ዲስኩን በአዲሱ ዘዴ አገኘው» አለና ሴፍ ሞዱን ሰርዞ እንደገና አስነሳው። የሙሽራዋን ፎልደር ሲከፍተው ፎቶዎቹ ሁሉ ባንዴ ብቅ አሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለእሱ ግን ደስ አለኝ አላልኩትም።

እሱም ደስታዬን ፊቴ ላይ አይቶት ነው መሰለኝ፣ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ አንድ ማተሚያ ቤት እንደቀጠረው፣ ሰኞም ሥራ እንደሚጀምር ነገረኝ። ኮምፒውተሩን ያስተካከለልኝ እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳይቸግረኝ እንድሠራ መሆኑንም ጨምሮ ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ ብናገረው ያሳፍረኛል፤ በአጭሩ ያሳደግኩበትን ቀን እንደምረግም ነግሬዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ከፊት ለፊት ሆኖ ድምፄን ሰምቷል። ወንድሜም ከወንበሩ ተነሳ። ጃኬቱን ለብሶ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይህን ተናገረ፦ «ጋሼ፣ የኮምፒውተሩ ቦርድ ባትሪ ሞቷል። ነገ አዲስ ይዤልህ እስክመጣ ዛሬ ማታ ይህን አንዱን ሶኬት ብቻ አትንቀለው።» እኔም በገዛ ቤቴ ሶኬት የምታዘኝ አንተ ማነህ አልኩት። እሱም ወጣ፤ የዚያን ዕለት ያደረው ጓደኛው ዘንድ እንደሆነ በኋላ ሰምቻለሁ።

መርማሪው ሶኬቱን ረስተው ነው ወይ የነቀሉት ብለው ጠይቀውኛል። ረስቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። ስዘጋ ቃሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም አስቀድሜ የነቀልኩት የኮምፒውተሩን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሶኬቱን መልሼ ሰክቼ ማሽኑን ሳስነሳው ጥቁር ገጽ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው ወንድሜ ስለነበር የማላውቀው ጽሑፍ መጣ፤ ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። የመጣልኝን ቁልፍ ተጫንኩ። ዊንዶውስ ሊነሳ ትንሽ ዳከረና ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሰማይ ተደፋብኝ። ወዲያው የታየኝ ወንድሜ ነው። በዋዜማው ተጣልተን፣ በማግስቱ ማሽኑ ሲሞት ሌላ ማንን ልጠርጥር? ቀኑ ወደ ኋላ መመለሱንማ ያበላሸበት ሰዓት እንዳይታወቅ ያደረገው ብልጠት አድርጌ ቆጠርኩት። ለዚህ ጣቢያም ሰዓቱን ሳይቀር አጥፍቶብኛል ብዬ ያስመዘገብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጣቢያው ሁለት ፖሊሶች አብረውኝ ወደ ፎቶ ቤቱ ሲመጡ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ አገኘነው። እሱ ነው ብዬ በጣቴ አሳየሁ። ሲይዙት አልታገለም። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ፤ ሰማያዊ ገጽ የሚለውን ሲሰማ ከፖሊሶቹ ይልቅ እኔን እያየ «ጋሼ፣ ፎቶዎቹ አልጠፉም። ባዮሱ ወደ ድሮው ተመልሶ ነው። ሁለት ደቂቃ ስጠኝና ላሳይህ» አለኝ። እኔም እጁ ማሽኔን እንዳይነካ ብዬ ፖሊሶቹን ለመንኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። በዳቦ ቤቱ ደጅ ሲወስዱት ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም በእጁ ዳቦ እንደያዘ እኔን እያየ ቀረ፤ ያን ዕለት አልቀለደም።

ጣቢያ ስንደርስ ኪሱን ሲያራግፉ እኔም ቆሜ ነበር። ስልክ፣ ቁልፍ፣ መሐረብና ከማሸጊያው ያልወጣ አንድ ትንሽ ክብ ባትሪ ተገኘ፤ መጠኑ ከሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ይበልጣል። መርማሪው ይህን ያውቁታል ወይ አሉኝ። እኔም ምን አውቃለሁ፣ ማሽኑን ያበላሸበት እቃ ይሆናል አልኩ። ይህም ትናንት በሰጠሁት ቃል ውስጥ ተጽፏል። ወንድሜ ይህን ስል ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

ዛሬ ጠዋት ማሽኑን እንዲመረምሩ የታዘዙት የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከአንድ ፖሊስ ጋር ወደ ፎቶ ቤቴ መጡ። ማሽኑን አስነስተው ቀኑን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ይህን ኮምፒውተር ከሶኬት ትነቅሉታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድም ማታ ሳልነቅል አድሬ አላውቅም አልኳቸው፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ በኩራት ነበር የተናገርኩት። ባለሙያዋ ባዮስ ውስጥ ገብተው አንድ መስመር ቀየሩ። ማሽኑ ተነሳ። ሙሽራዋ ከነሳቋ፣ ከነእናት አባቷ፣ ከነአጃቢዎቿ ወጣች። አንድም ፎቶ አልጎደለም።

ፎቶ የሚነሳ ሰው የማስቀምጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባለሙያዋ እንደገለጹልኝ፣ ዊንዶውሱን ሳይነካ ዘዴውን የቀየረው ሰው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶታል። ነገር ግን ባዮስ የተነገረውን የሚያስታውሰው በቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪዋ ከሞተች ደግሞ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ብቻ ነው። ሶኬቱ ሲነቀል ሁሉንም ይረሳል፤ ቀኑም ዘዴውም ወደ ድሮው ይመለሳል። ባትሪዋ ቶሎ ያለቀችውም ማሽኑ ማታ ማታ ስለሚነቀል፣ ሌሊቱን ሁሉ እሷ ብቻ ስትሸከም ስለኖረች ነው። እኔ ያን ጊዜ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ጠጋኝ ጠርቼ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ተጠርጎ ይጠፋ እንደነበርም ነገሩኝ። ከዚያ ማሽኑን ከፍተው የሞተችውን ባትሪ አወጡና እንዲህ ያለችውን ገዝተው ያስገቡ ብለው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

ሳያት ውሃ ሆንኩ። የዚያችኑ እኩያ አዲስ ባትሪ ትናንት የወንድሜ ኪስ ውስጥ አይቻታለሁ። ትናንት ደጄ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ሊጠግንልኝ ኖሯል። ልጁ በሰደብኩት ማግስት ጠዋት ተነስቶ ባትሪ ፍለጋ ዞሯል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ጠዋት ፖሊስ ፍለጋ ወጥቻለሁ። ፎቶ ቤቱን ሳልዘጋ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

መርማሪው የባለሙያዋን ሪፖርትና ይህን ቃሌን ተመልክተው ወንድሜ እንዲፈታ አዘዙ። እኔም የትናንቱ ቃሌ ከመዝገብ እንዲፋቅልኝ ጠየቅሁ። አንዴ የተመዘገበ አይፋቅም አሉኝ፤ የዛሬው ቃል ከጎኑ ይያያዛል፣ ለማተሚያ ቤቱም ከጥርጣሬ ነፃ መሆኑ በደብዳቤ ይገለጽለታል። ለዚህ አመሰግናለሁ። አለመፋቁ ግን አንጀቴን በልቶታል፤ እሱ ከእኔ ማሽን ላይ አንዲት ፎቶ አላጠፋም፣ እኔ እሱ ላይ ያስጻፍኩት ይኖራል።

ይህ ቃል እየተጻፈ ሳለ ወንድሜ እቃውን ሊረከብ ወደዚሁ ክፍል ገባ። ሸሚዙ ተጨማድዷል፣ ፊቱን አልታጠበም። ተነስቼ ወደ ቤት እንሂድ አልኩት። ልጄ ብዬ ጀምሬ ልጨርሰው አልቻልኩም።

(ቃል ሰጪው እዚህ ላይ ማልቀሳቸውና ውሃ ተሰጥቷቸው መቀጠላቸው ተመዝግቧል። — መርማሪ)

ወንድሜ ስልኩን፣ ቁልፉንና መሐረቡን ፈርሞ ወሰደ። ባትሪዋን ግን አልተቀበለም። መርማሪው ይህም የአንተ ነው ሲሉት «የእኔ አይደለችም፤ የፎቶ ቤቱ ናት። ለእሱ ስጡት» አላቸው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ፤ ረቡዕ ዕለትም የቆመው እንዲሁ ነበር። ወደ እኔ ሳይዞር «እስክትቀየር ድረስ ሶኬቱን አትንቀለው» ብሎ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ የሄደው ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ አይደለም።

ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ ከትናንቱ ቃሌ ጋር ሲነጻጸር እውነቱ ይኼኛው ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የሚጨመር የለኝም፣ የሚቀነስም አልፈልግም። ሐሰት ተናግሬ ብገኝ፣ እንደ ትናንቱ ማለቴ ነው፣ በሕግ ልጠየቅ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የእቃ ርክክብ፦ አንድ ክብ ባትሪ፣ ከማሸጊያው ያልወጣ። ከተጠርጣሪው ኪስ የተገኘ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ለቃል ሰጪው የተሰጠ።
ተረክቤያለሁ፦ የቃል ሰጪው ፊርማ