የመረዝኩትን ጠጅ ቀመስኩት

መቱ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከሞተ ስንት መቶ ዓመት ያለፈው አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ የጻፈውን ተውኔት በአማርኛ መድረክ ላይ አወጣን። እኔ ንጉሡን በመርዝ የሚገድለው ባለሟል ነበርኩ። ከፊት ወንበር የወረዳው ገዥ ተቀምጠዋል። በእሳቸው ፊት ንጉሥ መግደል፣ ለጨዋታም ቢሆን፣ ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ አስባለሁ። ሕዝቡ እያየኝ መርዙን ጠጅ የተሞላው ዋንጫ ውስጥ ጨመርኩ። ንጉሥ የሆኑት የሒሳብ አስተማሪው ጋሼ ታደሰ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ደግሞ በድንጋጤ፣ ለትልቅ ሰው መጠጥ ሳቀርብ ከልጅነቴ የለመድኩትን አደረግሁ፤ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ።

«አሁን ማናችን እንሙት?» አሉኝ ጋሼ ታደሰ በሹክሹክታ። ገዥው አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። መላ ስላጣሁ ሆዴን ይዤ ወደቅሁ። አንዲት ሴት «ዱኤ» ብላ በኦሮምኛ ጮኸች፣ ሞተ ማለቷ ነው። ገዥው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ደራሲው አዋቂ ነው፤ የከዳተኛ መጨረሻው ይኸው ነው» አሉ። እውነቱን ማን ይንገራቸው?

ተውኔቱ እዚያው አለቀ፤ ወሬው ግን በመቱ ዙሪያ ከቡሬ እስከ ያዮ ደረሰ። በየጠጅ ቤቱ አሳላፊ በቀመሰ ቁጥር «ቆይ፣ ይወድቅ እንደሆነ እንይ» ማለት ልማድ ሆነ። እስከ ዛሬ እኔም ቤት እንግዳ መጥቶ ጠጁን ቀምሼ ሳቀርብ፣ ወዲያው የሚቀበለኝ የለም። ሁሉም ይታጠፍ እንደሆነ ጉልበቴን ያያል። እኔም አብሬ አያለሁ።