በሐጂ ሰይድ መኪና ውስጥ ያገኘሁት የውሻ ፀጉር

ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ውስጥ መኪና አጥባለሁ። ከደንበኞቼ ሁሉ ውሻ የሚጠየፉት ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ናቸው። ባለፈው መጥተው የኋላውን በር ሲከፍቱልኝ ወንበሩም ምንጣፉም ቡናማ ፀጉር ለብሷል።

«ሐጂ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው?»

«ሱቄ በር ላይ የምትተኛዋን ውሻ ቦዳቦዳ ሞተር ገጫት» አሉ ዓይኔን እየሸሹ። «የሚያነሳት ሰው ሲጠፋ እኔው አቅፌ ሐኪም ጋ ወሰድኳት።»

የጎማ ጓንቴን አርጥቤ ወንበሩን ሳሸው ፀጉሩ እየተጠቀለለ ወጣ። ወደ ምንጣፉ ልወርድ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ኸላስ፣ ለዛሬ ይብቃህ። ነገም ለመርፌ ይዣት እሄዳለሁ።»

ልቀልድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አዲስ ፎጣ አውጥተው፣ የተሰበረ እግሯን እንዳይቆረቁራት ወንበሩ ላይ ደርበው ሲያነጥፉላት አየሁ። ጓንቴን አውልቄ አብሬያቸው አነጠፍኩ።