የሃግሴትራ ሜክሲኮዎች

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆች፣ ስቶክሆልም ውስጥ አበሻ ሜክሲኮ ይሆን ነበር። አትሳቁ! ሳቁን ለኋላ አቆዩት። እኔ አስር አለቃ ተፈራ፣ በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ ስነፋ ጎልምሼ እዚህ የመጣሁ ሰው፣ እዚሁ ሃግሴትራ፣ የአረንጓዴው ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ መጨረሻ ላይ፣ ዓመታት ሙሉ ሜክሲኮ ነበርኩ። ቱባን ታውቁታላችሁ? ያ ሆዳሙ የነሐስ መሣሪያ፣ ሰውነት ላይ ተጠምጥሞ አፉን ወደ ሰማይ የሚከፍተው። ቡም! ቡም! የሚለው። አዎ፣ እሱ።

ታዲያ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ነው፣ ቢሮ አጸዳለሁ፣ እና አንድ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ስዞር አንድ ቱባ አየሁ። ጎኑ ጎድጎድ ያለ፣ አቧራ የጠጣ። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት። ተሸክሜው ቤት ስገባ በላይነሽ፣ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በር ላይ ቆመች። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድነው? የጣራ አሸንዳ ነው?" "ቱባ ነው።" "ቱባ ክር ነው የማውቀው እኔ! ይሄ ከገባ እኔ እወጣለሁ!" ገባ። እሷም አልወጣችም። ግን አንዴ ቡም ስል ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ ሁለቴ ቡም ስል ከላይ ወለል ይረገጣል። ታዲያ የት ልሂድ? ምድር ቤት፣ ትቬትስቱጋ ወረድኩ። እዚህ ሁሉም ተከራይ በየተራው ሰዓት ይዞ ልብሱን የሚያጥብበት ክፍል ማለት ነው፣ ታውቃላችሁ። ማሽኑ ሲሽከረከር ድምፄን ይሸፍንልኛል ብዬ።

እና አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ስነፋ በሩ ብርግድ! አለ። አጭር፣ ወፍራም፣ ጢሙ ቡሩሽ የመሰለ ሰውዬ፣ ዘንቢል ሙሉ ልብስ ታቅፎ። "ሰዓቱ የኔ ነው!" ይላል በስዊድንኛ፣ ስዊድንኛው ከኔም የባሰ። ልብ በሉ፣ ስዊድን አገር የሰው አጥር ብታፈርስ ሊታረቁህ ይችላሉ፣ የትቬትስቱጋ ሰዓታቸውን ከነካህባቸው ግን ደም ነው። እና ደንግጬ፣ "ወንድሜ፣ እኔ ልብስ አላጥብም፣ ቱባ ነው የምነፋው" አልኩት።

"ታዲያ ለምን አቆምክ?" አለኝ።

ራሞን ማለት ይህ ነው። ዘንቢሉ ላይ ተቀምጦ አስነፋኝ፣ አስነፋኝ፣ ልብሱ ሳይታጠብ ሰዓቱ አለቀ። ለካ ሜክሲኮ ኖሯል፣ ሲናሎዋ የምትባል አገር ልጅ። "ባንድ አለኝ" ይላል፣ "ዘፋኙ እኔ፣ ከበሮ መቺው ላሴ የሚባል ስዊድን፣ ቱባ ነፊዬ ግን አግብቶ ዬተቦሪ ከተማ ገባ፣ ትራምፔት ነፊዬም ጥርሱ ወለቀ።" "ቱባ የሌለው ባንድ ምሰሶ የሌለው ቤት ነው፣ ኮምፓድሬ!" ይላል፣ ወዳጄ ማለቱ ነው፣ ደረቱን እየደቃ። ትራምፔቱን እኔ አመጣልሃለሁ አልኩት።

ማንን? ግርማን ነዋ። ግርማ የፖሊስ ኦርኬስትራ ትራምፔት ነፊ የነበረ፣ ሁስቢ ሰፈር ብቻውን የሚኖር፣ ሄምቴንስት የሚሠራ፣ ማለት በየቤቱ እየዞረ ሽማግሌና አሮጊት የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ። ዝምተኛ! ሰላምታ ብትሰጡት አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። እናቱ ጎንደር ሞታበት መሄድ ሳይችል ከቀረ ወዲህ ትራምፔት አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም። ለምኜ፣ ለምኜ፣ በመጨረሻ "እሺ፣ አስር አለቃ፣ ትእዛዝ ከሆነ" አለኝ። "ትእዛዝ ነው!" አልኩት። ተጀመረ።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስዊድኖቹ ሜክሲኮ ሲባል ያን ጃንጥላ የሚያህል የማሪያቺ ዘፋኞች ባርኔጣ ነው የሚያውቁት። ራሞን ደግሞ "እኛ ማሪያቺ አይደለንም! እኛ ባንዳ ነን!" ብሎ ይጮኻል። እነሱ ባንዳ የሚሉት የነሐስ ባንድ ነው። እኔና ግርማ ተያየን። "ራሞን፣ ይህን ቃል አበሻ ፊት አትበለው" አልኩት። "ለምን?" "ባንዳ እኛ ዘንድ አገሩን ለጠላት የሸጠ ነው።" ትንሽ አሰበና፣ "የማሪያቺ ባርኔጣ ያደረገም እንደዚያው ነው" አለኝ።

አንዴ ለሚድሶማር፣ ለስዊድኖቹ የበጋ በዓል፣ ተጠርተን፣ አበባ በተጠመጠመበት ግንድ ዙሪያ ስዊድኖቹ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ፣ እኛ ቡም ቡም ስንል፣ አንዲት ሴትዮ መጥታ "እባክህ፣ ስፓኒሽ ተናገርልኝ፣ ሲነገር ደስ ይለኛል" አለችኝ። ምን ልበላት? "እመቤቴ፣ ጫማው እግሬን ላጠኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም" አልኳት፣ በአማርኛ፣ ረጋ ብዬ። ዓይኗን ጨፈነች። "እንዴት ያለ የፍቅር ቋንቋ!" አለች። ግርማ ያን ቀን ሊስቅ ምንም አልቀረው።

እና እንዲህ እንዲህ ስንል፣ አንድ ቀን ራሞን ፊቱ አመድ ለብሶ መጣ። እናቱ ልትመጣ ነው። እትዬ ኤልቪራ። እትዬ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ፣ እንዲያው ያላት ግርማ ሞገስ ይህን ያሰኛል። ሰማንያ ዓመቷን እዚህ ልታከብር፣ ባሏ የሞተባትን ልጇን ሉፔን አስከትላ። "ታዲያ ደስ አይልህም?" አልኩት። "ኮምፓድሬ፣ ስሄድ 'በረዶ አገር ሙዚቃችን ይሞትብሃል' ብላ አልቅሳለች። እና በስልክ፣ 'እማዬ፣ ባንዴ ውስጥ ያሉት ሁሉ የአገራችን ልጆች ናቸው' ብያታለሁ።" "ሁሉም?" "ሁሉም።" ላሴን ዞር ብዬ አየሁት። ፀጉሩ ገብስ፣ ቅንድቡ ገብስ።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ በበዓሉ ጠዋት ራሞን ከጭንቀቱ ብዛት ጉሮሮው ትንሽ ሻከረ። ትንሽ! በላይነሽ "እኔ አድነዋለሁ" አለች። ሚጥሚጣ በማር ለወሰች። "ተይ፣ ሴትዮ" አልኳት። ራሞን ግን ይስቃል፣ "እኔን በርበሬ ነው ያሳደገኝ!" ብሎ ማንኪያውን ሙሉ ጎረሰ። ከዚያ ዝም። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እንባው ብቻ ይወርዳል። "ሲናገር ይለቀዋል" ትላለች በላይነሽ። የት ይለቀዋል!

ለበዓሉ የተከራየነው አዳራሽ ሞልቷል። እትዬ ኤልቪራ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ጥቁር ነጠላ መሳይ ጣል አድርጋ፣ ሉፔ ከጎኗ። ራሞን መሐላችን እንደ ሐውልት ተገትሯል። እኔ ቡም ቡም ጀመርኩ፣ ላሴ ከበሮውን ያዘ፣ መግቢያው ደረሰ፣ የሚዘፍን የለም። መልሰን መግቢያውን፣ አሁንም የለም። "ግርማ፣ ዝፈን!" አልኩት ትንፋሼን ስስብ። "ግጥሙን አላውቀውም!" "ትእዛዝ ነው!"

ግርማ ትራምፔቱን አወረደ። እና በሜክሲኮው ዜማ፣ በአማርኛ፣ ከሆዱ ያወጣው ጀመር።

የሰው እናት ሳጥብ፣ ሰው አገር ገብቼ፣
እናቴን ቀበሯት፣ እኔ ሩቅ ቀርቼ።

አይ ልጆች! አይ! ያ ዝምተኛ ሰው፣ እንዲያ ያለ ድምፅ የት ደብቆት ነበር? የኔ ቱባ እንኳ ተንቀጠቀጠች። በላይነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እትዬ ኤልቪራስ? ብድግ ብላ፣ በከዘራዋ እየተደገፈች መጣችና የግርማን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። አንድ ቃል አልገባትም፣ ግን ታለቅሳለች። ራሞን አሁን አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፍኗል።

"ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ" አለች። "የአገራችን ተራራ ሰዎች እንዲህ ነው የሚናገሩት። ልጅ ሆኜ በቅሎ ጭነው ሲመጡ ሰምቻለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ "አንተስ ከየት መንደር ነህ?" ያን ጊዜ ስፓኒሹን ለቃቅሜዋለሁ። መዋሸት አቃተኝና እግሬን ገጥሜ፣ "ከደብረ ብርሃን!" አልኳት።

አሰበች፣ አሰበች። "አዎ፣ ከወንዙ ማዶ ነው" አለች። "ብርዳም ነው።"

እውነቷን እኮ ነው! ደብረ ብርሃን ብርዳም ነው! ከዚያ ላሴን አየችው። "ይህስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የገረጣው?" "ታሞ ነበር" አልኳት። ምስኪን ላሴ፣ ያን ቀን ሙሉ ከጎኗ አስቀምጣ ስታጎርሰው ዋለች፣ ቀበቶውን ፈቶ ነው የሄደ።

እና ሉፔ፣ እህቲቱ፣ ሞኝ አልነበረችም። ግርማን ይዛው ወጣች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ግርማ በተሰባበረ ስፓኒሽ እውነቱን ነገራት፣ ከጎንደር ነኝ፣ አፍሪካ ነው አላት። እሷ እስክትፈርስ ሳቀች። "እናቴ አንዴ ካመነች አመነች፣ ተዋት" አለችው። ከዚያማ በየቀኑ መገናኘት ነው። ያ ሰው የማያናግር ግርማ፣ ቱነልባና ላይ ስፓኒሽ ብቻውን ሲያጠና አይቼዋለሁ፣ ሰው ሁሉ እየሸሸው።

እናትና ልጅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ግርማ ሉፔን ሊያይ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። አገባት! ባንዳችን በዚሁ ፈረሰ፣ ትራምፔት ከየት ይመጣል? ራሞን ድምፁ ተመልሶለት አኮረፈኝ። "እህቴን ለትራምፔትህ ሰጠሁ፣ ባንዴንም አጣሁ" ይላል። "እናትህ ደስ አላት፣ አንተ ምን አገባህ?" አልኩት። በኋላ ታረቅን፣ ዛሬም ሲደውል የሚጀምረው የበላይነሽን ሚጥሚጣ በማማት ነው።

ግርማማ እዚያ ሲናሎዋ የራሱ ባንድ አለው። ሠርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ እሱ ካልነፋ አይሆንም። ታዲያ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ?

"አበሻው?" ትላለች ሳሮን፣ የልጅ ልጄ።

ምን አበሻው! "ስዊድኑ" ነው የሚሉት! ከስዊድን መጣ ተብሎ፣ ስዊድኑና ባንዱ! እኔ በስልክ ተቆጣሁ። "አንተ፣ ለምን አትነግራቸውም?" "ነገርኳቸው እኮ፣ አስር አለቃ። ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኳቸው። 'አዎ፣ ኢትዮጵያ፣ ስዊድን ውስጥ ያለችው' አሉኝ።" እና ሳቀ። ግርማ፣ አዎ፣ ግርማ! ትን እስኪለው።

"እና ምን ተሳሳቱ፣ አባባ? እኔም ኢትዮጵያን የማውቃት እዚሁ ሃግሴትራ ነው።"

ሃ ሃ ሃ! ስሟት! ስሟት እቺን!